ቅቤ የነካው ጠርዝ

ነሐሴ ነው። በሙሐረቅ አየሩን ራሱን ያልበዋል፤
የወለወልኩትን መስታወት፣ ዞር ስል መልሶ ያረጥበዋል።
«ሺማ!» አለች ማዳም ሙኒራ፣ ከላይ፣ ከቁም ሳጥኑ ሥር፤
(የሺመቤት ነበር ስሜ፣ ዳርና ዳሩ ሳይቦረቦር።)

ወጣሁ። አልጋው ላይ ተዘርግቷል የሟች ባሏ ቢሽት፣
የግመል ጠጉር ካባ፣ ጠርዙ ወርቀ ዘቦ፣ የሠርግ፣ የዒድ ምሽት።
በሁለት እጇ ወደ መስኮቱ ስታነሣው
ብርሃን ከዚያ ማዶ አሥር ቦታ ወጋው።

ከእጥፋቱ አንዲት ብል ብድግ አለች፣ የገለባ ብናኝ መስላ፤
በመወልወያው ላደቃት ስል፣ ክንዴን ያዘችኝ ቸኩላ፦
«ተያት። ይህቺ እንኳ አትበላም።
የምትበረዋ አፍ የላትም።
የሚበላው ሌላ ነው፤ ገና ያልበረረው፣ የሚሳበው፣
የሩዝ ፍሬ የሚያህለው፣ ጨለማ የሚመቸው።»

ዝም ብዬ ሰማሁ።
እኔም በርሬ ነው የመጣሁ።

ሦስት ቀን ሠራን። ምንጣፉን ገልብጠን ከሥሩ ጠረግን፣
የመሳቢያውን ስንጥቅ ሁሉ በቱቦ ጫፍ መጠመጥን፤
ሱፉን፣ ሐሩን፣ ልጆቿ ከለንደን ያመጡትን ካፖርት
ጣሪያ ላይ አሰጣነው፣ አቧራው እስኪወጣ፣ እኛም እስክንሞት።
ናፍታሊን ልግዛ ብላት፣ አፍንጫዋን ያዘች፦
«እሱ የሬሣ ክፍል ሽታ ነው» አለች።
ቢሽቱን አጥፋ፣ በጥቁር ላስቲክ ጠቅልላ፣ አየሩን ጨምቃ፣
ማቀዝቀዣው ሆድ፣ ከሐሙር ዓሦቹ መሃል አስተኛችው ጠንቅቃ።
«አሥራ አራት ቀን። እንቁላሉም በብርድ ያልቃል።»
ቆየችና፦ «እሱ ብርድ አይችልም ነበር። መቼም አሁን ይችላል።»
ክዳኑን ዘጋችው።

ሕጉን ያኔ ነገረችኝ፣ ጣቷን አንሥታ እንደ መምህር፦
«ሳይታጠብ የሚቀመጥ ልብስ፣ የብል ድግስ እንጂ ምንድር?
ንጹሑን ጥጥ ይተወዋል። የሚጥመው
ወጥ የነካው፣ ላብ የጠጣው፣ ሰው ያቀፈው።»

ሌሊት፣ ከደረጃው ሥር፣ ከማጠቢያው ማሽን ጎን ባለችው ክፍሌ
ሻንጣዬን ሳብኩ። «ጥጥ ነው ጋቢዬ» አልኩ፣ ተማምኜ በዕድሌ።
ስዘረጋው መሃሉ ደኅና፣ ሦስቱ ጠርዝ ደኅና፤
አራተኛው ላይ፣ የምስር ክክ የሚያህሉ፣
አምስት ቀዳዶች፣ ትኩስ፣ ገና።

ያ ጠርዝ!
ወልድያ መናኸሪያ፣ አውቶቡሱ ጥሩምባ ሲነፋ፣
እማዬ ትከሻዬ ላይ ራሷን ጣለች፤ ቃል ጠፋ፤
ከሹሩባዋ ቅቤው ቀልጦ ጋቢው ላይ ቀረ።
ስድስት ዓመት ውኃ አላስነካሁትም፤
ቢጫ ሆኖ ደረቀ፣ ሽታው ግን ኖረ።
ብሉም ይህን አውቆ ነው።
ጥጤን አይደለም፤ የበላው እናቴን ነው።

በማግስቱ ደወልኩላት። «ፀጉርሽን ትቀቢያለሽ ወይ?» አልኳት ዳር ዳር ብዬ።
«በዚህ ዋጋ ቅቤ?» ሳቀች። «ቫዝሊን ነው አሁን፣ የሺዬ!»

እንግዲህ ባጥበው፣ ጋቢው ይተርፋል፤ እሷ ትጠፋለች።
ባላጥበው ትቆየኛለች፤ ቀስ በቀስ ትበላለች።
ሳሙና በጠበጥኩ። መሃሉን አሸሁ፣ ሦስቱን ጠርዝ አሸሁ፤
አራተኛው ላይ ስደርስ፣ እጄን ከውኃው አወጣሁ።

ሐሙስ ለእራት ማቀዝቀዣውን ማዳም ስትከፍት አየችው፦
ነጭ ጥቅል፣ ከባሏ ጥቁር ጥቅል ጎን የተጋደመው።
«ይህስ የማነው?»
«የእናቴ ነው።»
ሌላ አልጠየቀችም። አንዱን ሐሙር አነሣች ለእራት፤
ሌላውን ገፋ አድርጋ፣
ትንሽ ቦታ አሰፋችላት።